ክሪክና ታኮ፦ በሊማሊሞ መንገድ ክብደትን የማንሣትና የመያዝ ታሪክ



ትናንት ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ከዚህ አዳራሽ ጀርባ በሚገኘው ወርክሾፕ ውስጥ ሁለት ክሪኮችን ጎን ለጎን አቁሜ በየላያቸው እኩል ክብደት ጫንሁ። አንደኛው በብሎን የሚሠራ አሮጌ ክሪክ ነው። ሁለተኛው በዘይት ግፊት የሚሠራው፣ ዛሬ በየመኪናው የምናየው ሃይድሮሊክ ክሪክ ሲሆን፣ ረጅም ዘመን ካገለገለበት ከባድ መኪና በውሰት ያገኘሁት ነው። የሁለቱንም ጭነት ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰመርሁ፤ ከጭነቱ ሥር የባሕር ዛፍ ግንድ ደርድሬ በሩን ቆለፍሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ከንግግሩ በኋላ ሄደን አብረን እናየዋለን።

የታሪክ መምህር ስለ ክሪክ ምን አገባው የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ ይነበባል። የሚያገባኝ በቃል ምክንያት ነው። ጋራዥ ገብታችሁ የመካኒኮችን ንግግር ለጥቂት ደቂቃ ብታዳምጡ፣ ጣሊያኖች ከወጡ ሰማንያ ዓመት ቢያልፍም ቋንቋቸው ከጋራዡ እንዳልወጣ ትረዳላችሁ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካቻቪቴ፣ ዳዶ፣ ስኮርታ፣ ጎሚኒ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ክሪክም እንደዚሁ። ለዛሬው ንግግሬ የሚያስፈልገኝ ሌላው ቃል ታኮ ነው፤ በጣሊያንኛ ተረከዝ ማለት ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ለሠርግ የሚደረገው ታኮ ጫማና ሊማሊሞ ላይ ረዳቱ ከጎማው ኋላ የሚወትፈው ድንጋይ የአንድ ቃል ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከኋላ ይደግፋሉ።

ሃይድሮሊክ የሚለው ቃል ግን በሌላ በር፣ በእንግሊዝኛ በኩል፣ ዘግይቶ ገባ። ሲገባም ክሪክ የሚለውን አሮጌ ስም አላስለቀቀም። በብሎን የሚነሣውም ክሪክ፣ በዘይት የሚነሣውም ክሪክ ተባለ። የዛሬው ክርክሬ ይህ ነው፦ ባሕርያቸው የማይመሳሰል ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ስም በመጠራታቸው፣ በአንደኛው ላይ የዳበረው መተማመን ሳይመረመር ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። የዚህን ዋጋ የሚከፍሉትም ከመኪና ሥር የሚገቡ ወጣቶች ናቸው።

ከመኪና በፊት በዚህ አገር ከባድ ነገር የሚንቀሳቀሰው በሰው ብዛት ነበር። ከዚህ ከደባርቅ ብዙ ሳንርቅ፣ በስሜን ደረስጌ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በዘመናቸው መጨረሻ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ያስጎተቱበት ጉዞ ትልቁ ምሳሌ ነው። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ፤ መንገዱም ከፊቱ እየተጠረገ ነው የሄደው። ሰባት ቶን ዛሬ አንድ መካከለኛ የጭነት መኪና በግማሽ ቀን የሚያደርሰው ክብደት ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ መቶ ሰው ገመድ በያዘበት ጉተታ፣ ክብደቱን የሚያንቀሳቅሰውና ክብደቱን የሚይዘው ያው አንድ ክንድ ነው። ሰዉ ገመዱን ከለቀቀ መድፉ ይሄዳል፤ ይህንንም ጎታች ሁሉ ያውቀዋል፣ አደጋው በእጁ ላይ ይሰማዋልና። መሣሪያ ሲመጣ ይህ ስሜት ከእጅ ይጠፋል። አንድ ሰው በሠላሳ ኪሎ ጉልበት አምስት ቶን ሲያነሣ፣ የአምስቱን ቶን ክፋት ክንዱ አይነግረውም።

መንገዱን በአጭሩ ላንሣ፤ አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት። የጣሊያን ጦር መጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ከገባ በኋላ፣ አስመራን ከጎንደር የሚያገናኘው የመኪና መንገድ በወረራው ዓመታት ተሠራ። ከሽሬ በኩል ተከዜን ተሻግሮ፣ በአዲአርቃይና በዛሪማ አድርጎ፣ የስሜንን ገደል በሊማሊሞ ኩርባዎች እየተጠማዘዘ ወጥቶ ደባርቅ ይደርሳል። ከደጋው ጫፍ እስከ ዛሪማ ቆላ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። በላይኛው አፋፍ የወልቀፊት ምሽግ ነበረ፤ እዚያ የነበረው የጣሊያን ጦር እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ እጁን አልሰጠም፤ ጎንደር ራሷ የተለቀቀችው በኅዳር ነው። ወራሪው ሄደ፤ መንገዱ፣ ያረጁ መኪኖችና የጋራዥ ቃላት ቀሩ።

በዚያ ዘመን በዓለም ላይ በመኪና ከሚጫኑት ክሪኮች ብዙዎቹ በብሎን ወይም በጥርስ የሚሠሩ ነበሩ። የብሎን ክሪክ ዘገምተኛ ነው፤ ላብ ያስወጣል፤ አንድ መልካም ጠባይ ግን አለው። የብሎኑ ጥርስ ተዳፋት እጅግ ለስላሳ ስለሆነ፣ ከላይ ያለው ክብደት ምንም ያህል ቢጫነው ብሎኑን ወደ ኋላ ሊያዞረው አይችልም። የብረትና የብረት ፍትጊያ ይይዘዋል። እጅህን ብትለቅ፣ ምሳ በልተህ ብትመለስ፣ ቢመሽ ቢነጋ፣ ባለበት ነው። እርግጥ ሊገለበጥ ይችላል፤ በራሱ ግን አይወርድም። የብሎን ክሪክ በማንሣትና በመያዝ መካከል ያለውን ልዩነት ለተጠቃሚው ሸፈነለት፤ ሁለቱንም እርሱ ያደርግ ነበርና። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና የእንግሊዝኛ ስም ያላቸው ማሽኖች፣ መለዋወጫዎችና መማሪያዎች በብዛት መግባት ሲጀምሩ ነው፣ በእኔ ግምት፣ ሃይድሮሊክ የሚለው ቃል በመንገድ ሠራተኞች አፍ የተለመደው። ያ መሣሪያ በፍጥነት ተወደደ። መወደዱም ተገቢ ነው።

አሠራሩ በፈረንሳዊው ፓስካል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሠራጫል፤ ድርሳኑ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1663 ነው። ነገሩ መሣሪያ እስኪሆን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ የሃይድሮሊክ መጫኛውን በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1795 ነው። ፈተናው ሐሳቡ አልነበረም፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ውኃው እንዳያመልጥ ማድረግ ነበር። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ እንደ ሲኒ የተጎነበሰ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር ራሱ ቆዳውን ከግድግዳው ጋር አጥብቆ ይለጥፈዋል። ይህን የፈጠረው በብራማ ቤት ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሊ ነው ይባላል። ያ ቆዳ የዛሬው ጎሚኒ አያት ነው። ሪቻርድ ደጀን የተባለ የኒው ዮርክ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1851 በሰው እጅ የሚንቀሳቀስ ሃይድሮሊክ ክሪክ አስመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ማሻሻል ነው።

በቁጥር እናስበው። ዲያሜትሩ 1 ሳንቲሜትር የሆነ ትንሽ ፒስተንና 4 ሳንቲሜትር የሆነ ትልቅ ፒስተን ቢኖሩ፣ የስፋታቸው ልዩነት 16 እጥፍ ነው። የእጀታው ርዝመት 10 እጥፍ ቢጨምር፣ የ30 ኪሎ ግፊት 4,800 ኪሎ ያነሣል። ድንቅ ነው። በዚያ ጊዜ ግን በዘይቱ ውስጥ ያለው ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ላይ 380 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ይህም በከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ነፋስ ከ40 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ነው። ያን ሁሉ የሚከለክለው ምንድን ነው? ከአተር የማትበልጥ የብረት ኳስ በመቀመጫዋ ላይ መግጠሟ፣ የመልቀቂያው ብሎን መጥበቁና የጎሚኒው ጤንነት። በኳሷና በመቀመጫዋ መካከል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ ዘይቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ የቡና ሲኒ ዘይት ቢያመልጥ ጭነቱ አምስት ሳንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። የሚወርደውም መጀመሪያ ዓይን በማያስተውለው ዝግታ ነው።

የጥንቱ ጎታች በክንዱ የሚያውቀውን ነገር የሃይድሮሊክ መሐንዲሶች ገና ከጅምሩ በአደጋ ተማሩት። በታሪክ የተመዘገበው ታላቁ ምሳሌ በዌልስ፣ በብሪታኒያ ድልድይ ላይ የደረሰው ነው። እያንዳንዳቸው ከ1,500 ቶን በላይ የሚመዝኑ የብረት ቱቦዎች ከባሕሩ ወለል ተነሥተው በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ መቀመጥ ነበረባቸው። ማንሻው በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሃይድሮሊክ ማሽን ነው፤ በአንድ ጊዜ ስድስት ጫማ ከፍ ማድረግ ይችል ነበር። በቦታው የነበሩት ሰዎች ማሽኑ በሚችለው ልክ በአንድ ትንፋሽ ስድስቱን ጫማ ማንሣት ይቻላል ብለው ነበር። ዋናው መሐንዲስ ሮበርት ስቲቨንሰን እምቢ አለ። ቱቦው በተነሣ ቁጥር፣ ከሥሩ እግር በእግር እየተከተለ እንጨትና ግንብ እንዲገባ አዘዘ። ሥራው ተጓተተ፤ ትእዛዙም ግትርነት መስሎ ታየ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1849 የማሽኑ ሲሊንደር ታች በድንገት ፈንድቶ ወደቀ። ከሥር በገመድ መሰላል ሲወጣ የነበረ አንድ ሠራተኛ ሞተ። ያ ሁሉ ቶን ግን የወረደው ከአንድ ጫማ ባነሰ ከፍታ ነው፤ በተደረደረው ላይ አረፈ። ድርድሩ ባይኖር ቱቦው ከባሕሩ ሥር በቀረ ነበር።

ስቲቨንሰን ማሽኑን አልናቀም፤ በዘመኑ ካሉት ሁሉ የተሻለውን ነው ያሠራው። የለየው ሥራውን ነው። ማሽኑ እንዲያነሣ ቀጠረው፤ እንዲይዝ ግን አልቀጠረውም። የመያዙን ሥራ የማይፈስና ጎሚኒ የማያስፈልገው እንጨት ሠራው። ዛሬ በየትኛውም የጥገና መመሪያ ላይ «ጭነቱን ካነሣችሁ በኋላ በድጋፍ ላይ አሳርፉት» ተብሎ የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር፣ ለእኔ የዚያች ቀን ቅጂ ነው።

አሁን ከዌልስ ወደ ሊማሊሞ ልመለስ። ተማሪ ሳለሁ ከጎንደር ወደ ሽሬ በምጓዝበት አውቶቡስ፣ ከአፋፉ በታች ባለ አንድ ኩርባ ላይ መንገድ ተዘግቶብን ቆምን። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና የኋላ ባሌስትራው ተሰብሮ ነበር። ሃይድሮሊክ ክሪኩ በትንሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ረዳት በጀርባው ተኝቶ ከሥር ገብቷል። ሾፌሩ ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ከጎማዎቹ ኋላ ታኮ አድርጓል። ከሻንሲው ሥር ግን ምንም አላስገባም። ክሪኩ ሲወርድ ማናችንም አላየንም። ያየነው ከሥሩ የነበረው ድንጋይ ሲሰነጠቅ ነው፤ ድምፁ እንደ ጅራፍ ነበር። ሁለት ሰዎች የልጁን እግር ይዘው ጎተቱት። ሕይወቱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች ዳግመኛ አልሠራለትም። ይህን የማውቀው ከዓመታት በኋላ ከተማ ውስጥ ስላገኘሁት ነው። ሎተሪ ይሸጥ ነበር። ያን ቀን በስፍራው የነበሩት ሽማግሌዎች «እግዜር ያመጣው ነው» አሉ። እግዜር ያወጣው ነው ቢሉ እስማማ ነበር፤ ያመጣው ግን ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ሊቆጠር ይችላል።

እንቁጠረው። ከመቶ ሜትር 8 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ የቆመ 10 ቶን መኪና፣ ወደ ታች 800 ኪሎ ያህል ጉልበት ይገፋል። የክሪኩ ጭንቅላት ግን ጠባብ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ለመግፋት እንጂ ከጎን ለሚመጣ ግፊት አልተሠራም። መኪናው በጥቂት ሳንቲሜትር ቢንሸራተት ክሪኩ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ክሪክ ደግሞ ዘይቱ ባይጎድልም ይወድቃል። ስለዚህ ታኮው ከክሪኩ በፊት ይገባል፤ በቁልቁለቱ በኩል ባሉ፣ መሬት በማይለቁት ጎማዎች ላይ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቢገባ የተሻለ ነው።

ብዙ ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ጭምር የሚሳቱበት አንድ ነጥብ አለ፤ የእጅ ፍሬኑ ደካማ ሲሆን «ማርሽ ውስጥ ትቼዋለሁ» ይላሉ። መኪናው አራቱም ጎማው መሬት ላይ ሲሆን ይህ ይሠራል፤ ሞተሩ ይይዘዋል። ከሚነዱት ሁለት የኋላ ጎማዎች አንዱ ከመሬት ሲነሣ ግን ዲፈረንሻሉ ሥራውን ይሠራል፦ የተነሣው ጎማ በነፃ ወደ ኋላ ይሽከረከራል፣ መሬት ላይ ያለው ወደፊት ይሄዳል፣ ሞተሩም ቆሞ ይመለከታል። ፍሬናቸው ጎማው ላይ ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ባለው ዘንግ ላይ የሆኑ አሮጌ መኪኖችም እንዲሁ ናቸው። መኪናውን የሚለቀው ያው የማንሣቱ ድርጊት ነው ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎች በጠረጴዛ ላይ በአሻንጉሊት ማሳየት ይቻላል፤ በሊማሊሞ ግን የሚታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ ድንጋይም አንድ ነገር ልበል፤ የስሜን ሰው ድንጋይ አያጣምና። ጥቁር ድንጋያችን ለታኮ መልካም ነው፤ ከጭነት ሥር ለማቆም ግን አደገኛ ነው። እንጨት ከመሰበሩ በፊት ይጮኻል፣ ይጎብጣል፣ ጊዜ ይሰጣል። ድንጋይ ምልክት አይሰጥም። ብሎኬት ከድንጋይም ይብሳል፤ ውስጡ ባዶ ነው። በከተማ ጋራዥ የብረት ድጋፍ አለ፤ በመንገድ ላይ ለሚሠራ ሰው ግን አራት ማዕዘን የተጠረበ የባሕር ዛፍ ወይም የወይራ ቁራጭ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሞ በመስቀል አምሳል ተደርድሮ፣ ስቲቨንሰን የሠራውን ሥራ ይሠራል። ከክሪኩ ሥርም ሰፊ ሳንቃ ያስፈልጋል፤ የዝናብ ወራት ትከሻ መንገድ ክሪኩን ይውጠዋል። ወሬ ላይ ነኝና ልጨምር፦ ረዳቶቻችን ሥራ ሲያበቁ ታኮውን መንገዱ መካከል ጥለውት የመሄድ ክፉ ልማድ አላቸው። የአንዱ መዳኛ በሌሊት ለሚመጣው ለሌላው መሰናከያ ይሆናል።

የዘይቱ ጉዳይ ለብቻው ንግግር ይወጣዋል። የክሪክ ዘይት ሲጎድል በፍሬን ዘይት የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም በግፊት ስለሚሠሩ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። ለማዕድን ዘይት የተሠራ ጎሚኒ የፍሬን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ያጣል፤ ክሪኩም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማታለል ይጀምራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ያችን የአተር ታህል ኳስ መቀመጫ ይቧጥጣል። በተጨማሪ፣ በደባርቅ ብርድ ጠዋት ዘይት ይወፍራል፤ ክሪኩ ሰነፍ ሆኖ ይነሣል፣ ጠንካራም ይመስላል። ያው ክሪክ በቀትር ዛሪማ ሲደርስ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ጠዋት ያላፈሰሰው ጎሚኒ እዚያ ያፈሳል። ደጋ ላይ የተፈተነ መሣሪያ ቆላ ላይ ሌላ መሣሪያ ነው።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስተምርና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ለሥራ የሚቀጠር ሰው ዝቅተኛ ዕድሜ 15 ዓመት ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት በአደገኛ ሥራ ማሠራት ይከለክላል። ረዳቱ ግን በአብዛኛው ውል የለውም። የሾፌሩ ዘመድ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ነው፣ «ሥራ እየለመደ ያለ» ነው። የሚለምደውም ከሾፌሩ ነው፤ ሾፌሩ ደግሞ ረዳት ሳለ ከነበረው ሾፌር። የታሪክ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሚወርደው ዕውቀት የሰነፍ ዕውቀት አይደለም። በራሱ የማይወርድ የብሎን ክሪክ በነበረበት ዘመን ትክክል የነበረ፣ መሣሪያው ሲለወጥ ያልተለወጠ ዕውቀት ነው። በከተማችን የሚኖሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ሾፌር ይህን ሐሳብ ባቀረብሁላቸው ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ ከብሎኑ ሥር ተኝተን እንቅልፍም ይወስደን ነበር» አሉኝ። ከዚያም ሃይድሮሊኩ ከመጣ በኋላ በዚያው ልማድ የቀጠሉ፣ ዛሬ የሌሉ ሁለት ጓደኞቻቸውን ስም ጠሩልኝ። ስማቸውን እዚህ አልናገርም፤ ቤተሰቦቻቸው በመካከላችን ናቸው።

ለምህንድስና ክፍል ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ለሁለቱ መሣሪያዎች ሁለት ስም ስጡልን። የዘይቱን «ማንሻ» ብቻ ብትሉት፣ ከሥሩ የሚገባውን ደግሞ «መያዣ» ብትሉት፣ ረዳቱ መያዣው የት አለ ብሎ ለመጠየቅ ቃል ያገኛል። አሁን ያ ቃል የለውም፤ ክሪክ ካለ ሁሉም ያለ ይመስለዋል።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ጥያቄዎቻችሁን ወርክሾፑ ውስጥ ብቀበል እመርጣለሁ። ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በመስኮቱ አየት አድርጌ ነበር፤ የብሎኑ ክሪክ ጭነት ከጠመኔው መስመር ላይ ነው። የሃይድሮሊኩ ከመስመሩ በታች ሁለት ጣት ያህል ወርዷል፤ ገና ግንዱን አልነካም ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ከገባችሁ በኋላ እባካችሁ ከቢጫው ቀለም አትለፉ።